ቻርጀራችሁ ለምን ይሞቃል? ስለ «ሲንክሮነስ ሬክቲፊኬሽን» ማወቅ ያለባችሁ

ስልካችሁን ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ ቻርጀሩን ብትነኩት ይሞቃል አይደል? ያ ሙቀት በቆጣሪ ተቆጥሮባችሁ ስልኩ ጋ ያልደረሰ ኤሌክትሪክ ነው። ከሂሳቡ የሚብሰው ደግሞ የቻርጀሩን ዕድሜ ማሳጠሩ ነው።

🔌 ሙቀቱ ከየት ይመጣል?
ቻርጀር የግድግዳውን 220 ቮልት በትናንሽ ትራንስፎርመር ወደ 5 ቮልት ያወርዳል። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ኮረንቲ ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ስልክ የሚፈልገው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ስለሆነ በመሃል በር ያስፈልጋል። የበሩ ሥራ ሬክቲፊኬሽን ይባላል።

በቆየው አሠራር በሩ ዳዮድ ነው። ዳዮድ ሲያሳልፍ ቀረጥ ይቆርጣል፤ የተሻለው ዓይነት እንኳ ወደ 0.5 ቮልት ይወስዳል። ቻርጀሩ 5 ቮልት በ3 አምፒር (15 ዋት) ሲሰጥ ዳዮዱ ላይ 1.5 ዋት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚያች ጠባብ ፕላስቲክ ይሄ ብዙ ነው።

⚡ መፍትሔውስ?
በዳዮዱ ቦታ ሞስፌት የሚባል ኤሌክትሮኒክ በር ማስገባት። 10 ሚሊኦም ብቻ የሚከለክል ሞስፌት በዚያው 3 አምፒር የሚያባክነው 0.09 ዋት ነው። ኮረንቲው ወጥ ስላልሆነ በተግባር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ያው ሰፊ ነው።

⏱ ታዲያ ሁሉም ለምን አይጠቀምበትም?
ዳዮድ ራሱን በራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሞስፌት ግን አዛዥ ቺፕ ይፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ ወጪ ነው። ቺፑ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ሰዓቱን ጠብቆ መክፈትና መዝጋት አለበት። «ሲንክሮነስ» የተባለውም ለዚህ ነው። ዘግይቶ ከዘጋ ኮረንቲው ወደ ኋላ ይመለስና ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ዘግይቶ ከከፈተ ደግሞ ሞስፌቱ ውስጥ ያለው ዳዮድ ሥራውን ይረከብና ብክነቱ ይመለሳል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቮልቱ ሲያንስ ነው። 0.5 ቮልት ከ20 ቮልት ላይ ቢቀነስ ብዙም አይሰማም፤ ከ5 ቮልት ላይ ግን ትልቅ ድርሻ ነው።

🛒 ስትገዙ
ሲንክሮነስ መሆኑ ከውጭ አይታይም። ቻርጀሩ ላይ በሮማውያን ቁጥር ስድስት ከተጻፈ ግን ዓለም አቀፍ የብክነት ደረጃን ያሟላ ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሻላል። ጽሑፉ በሐሰት ሊታተም ስለሚችል በእጃችሁም ፈትሹ፦ መጠናቸውም ፍጥነታቸውም እኩል ከሆኑ ሁለት ቻርጀሮች የበለጠ የሚሞቀው የበለጠ እያባከነ ነው።