ፍቅር፦ በፈቃድ የሚኖር ቃል

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ፍቅር እንደ ንዳድ «ይይዛል»፣ ደግሞም «ይለቃል»። በክርስትና ግን ቃሉ ትእዛዝ ሆኖ መጣ፤ ጠላትን እንኳ ውደዱ ተብሏል። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ ሊታዘዝ የሚችለው ፈቃድ ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ፍቅርን የገለጸው በሚያደርገውና በማያደርገው ነው።

ይህን በተግባር የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ጉለሌ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ኩላሊቱን የሚለግሰው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ለጋሹ ይመረመራል፣ ሊደርስበት የሚችለው ጉዳት ይነገረዋል፣ ፈቃዱንም ይጠየቃል። ለወንድሙ ማዘኑ ብቻውን ከቀዶ ሕክምናው አልጋ አያደርሰውም፤ ፍርሃትም ስሜት ነውና፣ በሁለቱ መካከል የሚቆርጠው ፈቃዱ ነው። «ታዲያ ስሜት የሌለው ፍቅር ደረቅ ግዴታ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ስሜት አይናቅም፤ በክርስቶስ ምሳሌ በመንገድ የወደቀውን ቁስለኛ የረዳው ደጉ ሳምራዊም አዝኗል። ክርስቶስ የጠየቀው ግን ማን እንዳዘነ ሳይሆን ለቁስለኛው ማን ባልንጀራ እንደሆነለት ነው። ግዴታ የሚሆነው እምቢ ማለት ሲከለከል ነው፤ በዘመድ ግፊት የተሰጠ ኩላሊት፣ ሕይወት ቢያተርፍም፣ የፍቅርን ስም አያገኝም። ስለዚህ ቤተሰቦች ሆይ፣ አልችልም ያለውን አትውቀሱት።