ማትሪክ፦ የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ታሪክ

በጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን፣ እዚህ ስቶክሆልም ለለቅሶ አንድ የሀገራችን ሰው ቤት ተሰብስበን ነበር። ሐዘንተኛውን ካጽናናን በኋላ እንደ ልማዳችን ወሬው ወደ ሀገር ቤት ዞረ። ለፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አንዱ ከስልኩ ላይ አነበበልን። ቤቱ በአንድ ድምፅ «እግዚኦ!» አለ። ወዲያው የተከተለው ፍርድ ግን ያለ ምስክር የተሰጠ ነበር። «የዛሬ ልጅ መቼ ያጠናል? እኛ በኩራዝ አጥንተን አይደል እንዴ እዚህ የደረስነው?» ተባለ። ሁላችንም በስምምነት ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ቆረቆረኝ። ኩራዙ እውነት ነው፤ ጭሱ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ነገር ግን በዚያው ኩራዝ ዙሪያ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ያጠኑት የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ዘግይቼም ቢሆን ለማንሳት የጻፍሁት ነው። ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው በሀገራችን አቆጣጠር ነው።

«ማትሪክ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጄኔራል ዊንጌት ሲከፈቱ፣ የትምህርቱ መንገድ በብዙ ረገድ በእንግሊዞች የተቀየሰ ነበር። ቀደምቶቹ ተማሪዎች የሚመኙትም የለንደን ዩኒቨርሲቲን የማትሪኩሌሽን ፈተና ማለፍ ነበር። ኋላ ኢትዮጵያ የራሷን የመልቀቂያ ፈተና ብታቋቁምም ስሙ በሕዝቡ አፍ ላይ ቀረ። ከስሙም ጋር ቋንቋው ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆን ነበረበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቢሆንም ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያለው እንደ ነበረ ቀጠለ። ስድስት ዓመት በአማርኛ ሲማር የኖረ ልጅ በአንድ ክረምት ወደ ሌላ ቋንቋ እንዲሻገር ይጠበቅበት ነበር።

ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ድልድዩም መምህር ነው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሦስት መቶ የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየገጠሩ እንዲያገለግሉ አደረገ። ብዙዎቹ ያስተማሩት እንደኛይቱ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የገበሬ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያየው፣ እርሱም ያን መሆን እንደሚችል ያሰበው ያን ጊዜ ነበር። ከዚያ ታኅሣሥ 1967 መጣና 60 ሺሕ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዘመቱ። ተከትሎም ሽብሩ ደረሰ፤ የሰላም ጓዱም ከሀገር ወጣ። ከመምህራኑ የሞተው ሞተ፣ የታሰረው ታሰረ፣ የተሰደደው ተሰደደ። እኔ በ1975 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ድልድዩ ፈርሶ፣ ወንዙ ግን እንደ ሞላ ነበር።

የትምህርት ቤታችንን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ጉድለት የእርሱ ብቻ አልነበረምና። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ ውርጭ በማይለያት አንዲት ከተማ ዳር የቆመ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል መምህሩ ስለማይሰማ ጠመኔውን አስቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አብዛኞቻችን ከሩቅ ቀበሌ የመጣን ነበርን። ለሦስት ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ዓርብ ወደየቤታችን እንወርዳለን፤ እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ተሸክመን እንመለሳለን። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ስንቃችን ሳስቶ፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ የሚደርሰው እስከ ረቡዕ ብቻ ይደርስ ጀመር። ትምህርት ያቋረጡትን ብዙዎች ሰነፎች ናቸው ያለ አልነበረም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀው ነበርና።

ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አንድ ቁም ሳጥን ነበር። የፊዚክስ መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ አንድ ይታደል ነበር፤ ዴስኩ ላይ የምንቀመጠው አራት ነን። በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነበረ፤ ከውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር እንጂ ሌላ አይገኝም። አሲድና ቤዝ እንዴት እንደሚለካኩ የተማርሁት በጠመኔ በተሣለ ሥዕል ነው። ፌኖልፍታሌን የሚባለው ጠቋሚ ፈሳሽ በቤዝ ውስጥ ሮዝ እንደሚሆን በቃሌ ይዤ ማትሪክ ላይ መለስሁ። ቀለሙን በዓይኔ ያየሁት ሌኒንግራድ፣ የሕክምና ኢንስቲትዩት ገብቼ ነው። ጠብታዋ ወድቃ ብርጭቆው ድንገት ሮዝ ሲሆን ከአፌ «ለካ እውነት ነው!» የሚል ቃል አመለጠኝ። አጠገቤ የነበረው ሩሲያዊ ምን እንዳልሁ ጠየቀኝ፤ ላስረዳው አልቻልሁም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ለኮሌጅ የሚያዘጋጀን ማን ነበር? መንግሥት የመደበው ዝግጅት አልነበረም። የነበረው ከኮተቤ መምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቀ፣ ከእኛ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ አንድ የሂሳብ መምህር ነው። በ1978 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን በሳምንት ሦስት ማታ ያለ ክፍያ ያስተምረን ጀመር። ለማሾው ላምባ መግዣ እያንዳንዳችን አሥር አሥር ሳንቲም እናዋጣ ነበር። ወደ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎችን ከጓደኞቹ ለምኖ ያመጣል፤ እኛ ተከፋፍለን በእጃችን እንገለብጣለን። ከዚያም አንዱ የገለበጠውን ለሌላው ያውሳል። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ተበልቶ እንደ አሮጌ ዳዊት ይሆን ነበር። የኮሌጅ ዝግጅታችን ይኸው ነው፤ መምህሩ፣ ማሾውና ደብተሩ።

ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የተከራየ ጓደኛ ነበረኝ። በሂሳብ ከትምህርት ቤቱ የሚወዳደረው አልነበረም። መምህሩ ማታ ያስተማረንን ቤት ስንገባ በአማርኛ፣ በእርሻና በበግ ምሳሌ እያደረገ እንደገና ያስረዳኛል። ሳይገባኝ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። የእርሱ መከራ እንግሊዝኛ ነበር። ጥያቄው በቁጥር ከተጻፈ ወዲያው ይሠራዋል፤ በቃላት ከተጻፈ ግን ቃላቱ መንገዱን ይዘጉበታል። እኔ በዚህ በኩል ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን በጸሐፊነት የሚሠራ አጎቴ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዝቶ ሰጥቶኝ ነበር። በክፍላችን መዝገበ ቃላት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ለማንም ያልተናገርሁትን እዚህ ልጻፈው። ጓደኛዬ መዝገበ ቃላቱን ሲጠይቀኝ እሰጠው ነበር፤ ፈተናው እየተቃረበ ሲሄድ ግን መስጠቱን ቀነስሁ። «እያነበብሁበት ነው» እለዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ትራሴ ሥር አድርጌው እተኛ ነበር። እርሱ ሂሳቡን አንድ ቀን እንኳ አልሸሸገኝም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በጣት የሚቆጠር መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ስለ ነበር ጓደኛዬን እንደ ተፎካካሪ ማየት ጀምሬ ነበር። ፈተናው ሳያውቀኝ ይህን አስተማረኝ።

ውጤቱ ሲመጣ እርሱ በሂሳብና በፊዚክስ «ኤ» አገኘ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኤፍ»። ያለ እንግሊዝኛ ደግሞ በሩ አይከፈትም። እኔ በሂሳብ «ኤ» አገኘሁ፤ ያ «ኤ» የማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛም አለፍሁ። የነጻ ትምህርት ዕድል ደርሶኝ በ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሶቭየት ኅብረት ስሄድ፣ እርሱ በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና ሕግ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ስድስት ዓመት ሕክምና ተምሬ ስጨርስ የገባሁበት ሀገር ፈርሶ፣ የከተማይቱም ስም ሴንት ፒተርስበርግ ተብሎ ነበር። ጓደኛዬ በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እያነከሰ ቤቱ እንደ ገባ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጣ። በ1993 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ለአሥረኛ ክፍል መሰጠት ጀመረ፤ የቀድሞው ማትሪክም ቦታውን ለመሰናዶና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለቀቀ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ መጣ፤ የገጠሩ ልጅ ግን ከመምህሩ አፍ ያልለመደውን እንግሊዝኛ ከመስኮት አፍ ፈጥኖ ሊይዘው አልቻለም። ትምህርት ቤቶች በቁጥር በዙ፤ ይህ በጎ ነው፤ እንደ እኔ ዘመን ልጅ ቤቱን ጥሎ ስንቅ ተሸክሞ መሄዱ በብዙ ቦታ ቀንሷል። ፈተናው ግን በስርቆት ተበላሸ። ስለዚህም ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ በጥቅምት 2015፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ያን ጊዜ የተገኘው ቁጥር ነው ለቅሶ ቤቱን ያስደነገጠው። በቀጣዩ ዙር 3.2 ከመቶ፣ ከዚያም 5.4 ከመቶ ሆነ። በ2015ቱ ዙር አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር።

እኔ ሐኪም ነኝ። ቴርሞሜትሩ ሲሰበር በሽታ እንደማይጠፋ፣ ሲጠገንም በሽታ እንደማይፈጠር አውቃለሁ። ፈተናው በሐቅ መሰጠቱን የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ትኩሳቱን ለክቶ በሽተኛውን «ለምን ሞቅህ?» ብሎ የሚቆጣ ሐኪም አይቼ አላውቅም። አንድ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹ ሁሉ ሲወድቅ የወደቁት ልጆቹ ናቸው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ ሙሉ መንደር በአንድ ሌሊት ሰነፍ ሊሆን አይችልም፤ ሁሉ ሲታመም የሚመረመረው ውኃው ነው።

ይህን በግምት አልናገርም። ከዚያ ለቅሶ ቤት በተመለስሁ በሳምንቱ የጓደኛዬን ስልክ አፈላልጌ ደወልሁለት። የመጨረሻ ልጁ በዚያው ትምህርት ቤት ተምራ ለዚያው ፈተና ተቀምጣ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አንድም አላለፈም። «አዘንህ?» አልሁት። «ፈተናውስ ቀና ነበር» አለኝ። «ያልቀናው ትምህርቱ ነው። የሂሳብ መምህር ግማሽ ዓመት አልነበራቸውም።» ልጅቱ ከወደቁት መካከል የተሻለ ውጤት አምጥታ ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት በተጀመረው የማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ጥቂት ወራት በመምህር፣ በመጽሐፍና በመብራት ተማረችና ፈተናውን አልፋ ትምህርቷን ቀጠለች። ልጅቱ ያችው ናት፤ ጭንቅላቷም ያው ነው። የተለወጠው በዙሪያዋ ያለው ነገር ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለእኔ አያስፈልገኝም።

በዚያ የስልክ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የመዝገበ ቃላቱን ነገር አነሣሁበት። ረስቶት እንደሆነ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሳቀና «እንዴት እረሳዋለሁ፤ ቀዩ ሽፋን» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋርጦኝ፣ «ተወው ወንድሜ፤ አንድ መዝገበ ቃላት ለአንድ ክፍል ልጅ ሲሆን ማን ይደብቀው ማን ምን ለውጥ አለው?» አለ።

ይህ ቃል ከብዙ ሪፖርት ይበልጥብኛል። በውጭ የምንኖር የእነዚያ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ልጆች ዛሬ ማኅበር እያቋቋምን መጽሐፍ እንልካለን፣ ቤተ ሙከራ እናሠራለን፤ መልካም ነው፤ እኔም ድርሻዬን አዋጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ታሪካችንን በትክክል እንናገር። እዚህ የደረስነው በኩራዝ ስላጠናን ብቻ አይደለም። በኩራዝ ያጠኑት ብዙ ነበሩ። አንዱን መምህር አስተምሮት፣ አንዱን አጎት መጽሐፍ ገዝቶለት፣ አንዱን ጓደኛ ሌሊት ቁጭ ብሎ አስረድቶት ነው የደረሰው። ቀሪዎቹም ያልደረሱት ከእኛ አንሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ጊዜ «የዛሬ ልጅ» የሚል ፍርድ ስሰማ ራሴን አልነቀንቅም። የትኛው ትምህርት ቤት እንደ ተማረና መምህር እንደ ነበረው አስቀድሜ እጠይቃለሁ።