ፍላጻን መምረጥ፦ ኢሺ፣ ሳክስተን ፖፕ እና የአደን ዕውቀት መተላለፍ



በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ቀስት» ስንል ብዙ ጊዜ የሚለጠጠውንም የሚወረወረውንም በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። በመጽሐፍ ቋንቋ ግን የሚለጠጠው ቀስት፣ የሚወረወረው ፍላጻ ነው። ይህን ልዩነት እስከ ንግግሬ መጨረሻ ይዘን እንድንቆይ እጠይቃለሁ። ስለ አደን ታሪክ ስንነጋገር ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በቀስቱ ላይ ነው፤ የአዳኙ ማስተዋል ይበልጥ የሚገለጠው ግን በፍላጻው ምርጫ ነው።

ለዚህ ምስክር የማደርገው በካሊፎርኒያ የሆነውን ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። በኦገስት 1911 ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ብቸኛ ሰው ተገኘ። ወገኖቹ ያሂዎች ከጥቂቶች በቀር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በሰፋሪዎች ተጨፍጭፈው አልቀው ነበር። የገዛ ስሙን ለባዕድ መናገር በባህሉ ነውር ስለነበረ፣ አንትሮፖሎጂስቱ አልፍሬድ ክሮበር በራሱ በሰውየው ቋንቋ «ሰው» ማለት የሆነውን «ኢሺ» የሚለውን ስም ሰጠው። ከዚያ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ኖረ። በአጠገቡ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሳክስተን ፖፕም ወዳጁ፣ የቀስት ደቀ መዝሙሩም ሆነ።

ኢሺ ፍላጻ የሚሠራው ከመጀመሪያው እየመረጠ ነበር። ቀጥ ያሉ የሄዘል ቁጥቋጦ ቀንበጦችን ቆርጦ ይልጣል፤ ካደረቃቸው በኋላ የጎበጠውን በፍም ላይ እያሞቀ በጣቱ ተጭኖ ያቃናል። ከቀላሉ ዘንግ ፊት አጭርና ከበድ ያለ እንጨት ሰክቶ በእንስሳ ጅማት ያስረዋል፤ በጫፉ የባልጩት ስለት፣ በኋላው ሦስት ላባ ያደርግበታል። እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ከፊት ያለው ክብደት ፍላጻው አቅጣጫውን እንዲጠብቅ ይረዳል። ላባው የኋላውን ክፍል አየር እንዲይዘው በማድረግ መወላገድን ይገታል። ስለቱ ደግሞ የአደን ፍላጻን ከጥይት ይለየዋል፤ ፍላጻ የሚገድለው ሥጋና የደም ሥር ቆርጦ ደም በማፍሰስ እንጂ በምት ኃይል አይደለምና። ደነዝ ፍላጻ የመረጠ አዳኝ እንስሳውን ለሥቃይ፣ ራሱንም ለባዶ እጅ ይዳርጋል።

ፖፕ ግን የኢሺን አጭር ቀስት ይዞ አልቀጠለም። ለአደን የመረጠው ከዪው እንጨት የሚሠራውን ረጅሙን የእንግሊዝ ቀስት ነበር። ታሪኩ ትምህርት የሚሰጠን እዚህ ላይ ነው፤ ቀስቱ ሲለወጥ የመምህሩን ፍላጻ እንዳለ መቅዳት አይቻልምና። ጅማቱ ሲለቀቅ የፍላጻው ዘንግ በቀስቱ ጎን ሲያልፍ ይለመጣል፤ በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ የተነሡ ምስሎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ዘንጉ ለቀስቱ ከሚገባው በላይ ቢለሰልስ ወይም ቢጠነክር ከዒላማው ያፈነግጣል። ስለዚህ ፖፕ ከበርች እንጨት የተሠራ፣ 28 ኢንች የሚረዝምና የኢንች ሦስት ስምንተኛ ውፍረት ያለው ዘንግ ያዘ፤ ጫፉንም ሰፊ የብረት ስለት አደረገው። ሰፊ ስለት በአየር ላይ እንደ ክንፍ ስለሚሆን ላባውም በዚያው መጠን ማደግ ነበረበት። አንዱ ምርጫ ሌላውን ይጎትታል።

ይህ ማለት ግን አዲሱ በሁሉም ነገር አሮጌውን በለጠ ማለት አይደለም። ፖፕ የብረትና የባልጩት ጫፍ ያላቸውን ፍላጻዎች በአጋዘን ቆዳ በተሸፈነ ጉበት ላይ ሲፈትን፣ ጠልቆ የገባው የባልጩቱ ነበር። በሌላ በኩል ባልጩት ከአጥንት ጋር ሲጋጭ ይሰበራል። ብረትን የመረጠ ሰው ጥንካሬን ሲያገኝ ከስለት ያጣው ነገር አለ።

ኢሺ በማርች 1916 በሳንባ ነቀርሳ አረፈ። ፖፕ በ1918 ስለ ያሂ ቀስተኝነት፣ በ1923 ደግሞ በቀስትና በፍላጻ ስለማደን መጻሕፍት አሳተመ፤ እነዚህም ለዘመናዊው የቀስት አደን መነሻ ሆኑ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የጽሑፉ መትረፍ የሕዝቡን መጥፋት አያካክስም፤ ያለን አንድ ሐኪም ያየውና የለካው ነው። የቀሩት ያሂዎች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ስለ እንጨቱና ስለ አውሬው ያውቁት የነበረው አልተጻፈም።

ለእናንተ ለታሪክ ተማሪዎች የምተወው ሐሳብ ይህ ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ የምናየው ፍላጻ ከምርጫ የተረፈው ብቻ ነው፤ ያልቀናው፣ የተሰነጠቀው፣ የከበደው ከሥራው ቦታ አልወጣም። ስለዚህ አንድን ፍላጻ ስትመረምሩ «ምንድን ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ለየትኛው ቀስት፣ ለየትኛው አውሬ፣ ከምን ያህል ርቀት? ምንስ ተጥሎ ይህ ተመረጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከኢሺ ወደ ፖፕ የተላለፈው ዕቃው ሳይሆን ይህ የማመዛዘን ልማድ ነበር፤ ቀስቱ ተለውጦም የቀጠለው ስለዚህ ነው።