ምሥል ማጥራት፤ የስሌቱም መፋጠን

ምሥል ማጥራት፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች በዕለት ንግግራቸው «ሻርፕ ማድረግ» የሚሉት፣ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበትን ጠርዝ በማጉላት ፈዞ የነበረው ዝርዝር ለዐይን ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚደረግበት ሥራ ነው። በፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ዘንድ እጅግ ከተለመዱት ተግባራት አንዱ ሲሆን፣ ምሥሉ በገዘፈ መጠን ሠሪውን ቁጭ አድርጎ የሚያስጠብቅም እርሱ ነው። የመዘግየቱ መንሥኤ ግን ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ድክመት ይልቅ ስሌቱ የሚካሄድበት ሥርዓት ስለሆነ፣ የማፋጠኑ ጥበብ በአመዛኙ ያንኑ ፍሬ በጥቂት ድካም ማግኘት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

ዘዴው ከኮምፒውተር ይቀድማል። በ1930ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር ይሠራበት እንደነበረው፣ የጨለማ ክፍል ባለሙያ ከኔጋቲቩ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን ፖዚቲቭ ቅጂ ያወጣና ሁለቱን ደርቦ ብርሃን ያሳልፍባቸዋል፤ የደበዘዘው ቅጂ ሰፋፊውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሲያለዝብ ረቂቁን ዝርዝር ሳይነካ ስለሚተወው፣ የሚታተመው ፎቶግራፍ የጠራ ሆኖ ይወጣል። የማጥሪያው መሣሪያ እስከ ዛሬ «አንሻርፕ ማስክ»፣ ማለት ያልጠራ ጭንብል፣ መባሉ ለሰሚው እንግዳ ቢሆንም፣ ስሙ የመጣው ከዚያ ከደበዘዘው ቅጂ ነው።

አሠራር

ፕሮግራሙ የምሥሉን ቅጂ ያደበዝዛል፤ ቀጥሎ የደበዘዘውን ከዋናው ይቀንሳል፤ በመጨረሻም የተገኘውን ልዩነት መልሶ በዋናው ላይ ይደምረዋል። ለምሳሌ በአንድ መስመር ላይ የተከታተሉ ስድስት ፒክስሎች የብርሃን ልካቸው 100፣ 100፣ 100፣ 200፣ 200፣ 200 ቢሆንና እያንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ተደምሮ አማካዩ ቢወሰድ፣ ደብዛዛው ቅጂ 100፣ 100፣ 133፣ 167፣ 200፣ 200 ይሆናል። በጠርዙ ላይ ያሉት ሁለቱ ከዋናው በ33 ተለያይተዋልና፣ ያ ልዩነት ሲመለስላቸው አንዱ ወደ 67 ይጠቁራል፣ ሌላው ወደ 233 ይነጣል፤ የቀሩት አራቱ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። ከልክ ሲያልፍ ይኸው ንጣት፣ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ እንደሚሣለው አክሊለ ብርሃን፣ በተራራውና በቤቱ ጠርዝ ሁሉ ላይ ይታያል።

ሠሪው የሚያዝዛቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የማጥራቱ መጠን፣ ድብዘዛው የሚዳረስበት ራዲየስ፣ እንዲሁም እንደ ሰማይ ያለው ልሙጥ ስፍራ በከንቱ እንዳይሻክር ጥቃቅኑን ልዩነት የሚያስቀር ገደብ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ጊዜ የሚበላው ራዲየሱ ነው።

የመዘግየት መንሥኤ

በወርድ 6000፣ በቁመት 4000 ፒክስል ያለው ፎቶግራፍ 24 ሚሊዮን ፒክስል ይይዛል። ራዲየሱ 20 ቢሆን፣ ለአንዱ ፒክስል አማካይ ለማውጣት በዙሪያው 41 በ41 የሆነ አደባባይ፣ ይኸውም 1681 ፒክስል፣ መጎብኘት ያስፈልጋል፤ ይህም ለአንድ ቀለም ብቻ ከ40 ቢሊዮን በላይ፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ በአንድነት ደግሞ ወደ 121 ቢሊዮን ማባዛት ያደርሳል። ራዲየሱ እጥፍ ሲሆን ድካሙ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

የማፋጠኛ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ አደባባዩን ወደ ሁለት መስመር መክፈል ነው። ለማደብዘዝ የሚመረጠው፣ ለቅርቡ ፒክስል የበለጠ ለሩቁ ያነሰ ክብደት የሚሰጠው የጋውስ ደወል፣ ምሥሉን አንድ ጊዜ በአግድም፣ ዳግመኛ በቁመት ብቻ ቢያልፍበት፣ ውጤቱ አደባባዩን ሙሉ ከመዞር ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ 1681 የነበረው ማባዛት 41 ሲደመር 41፣ ማለት 82 ብቻ ይሆናል፤ ድካሙም ከሃያ እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ይወርዳል።

ሁለተኛው ተንሸራታች ድምር ነው። የማኅበር ገንዘብ ያዥ አንድ አባል ሲወጣ ድርሻውን ቀንሶ፣ አዲስ ሲገባ ድርሻውን ደምሮ፣ የሁሉንም እንደገና ሳይቆጥር ሂሳቡን እንደሚያውቅ፣ ስሌቱም ከመስኮቱ የወጣውን ፒክስል እየቀነሰ የገባውን እየደመረ ይጓዛል፤ ራዲየሱ 5 ቢሆን ወይም 500 ድካሙ አይለወጥም። ይህ ተራ አማካይ በምሥሉ ላይ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የጋውስን ደወል እጅግ ይቀርባል። ኢያን ያንግና ቫን ቭሊት በ1995 ያሳተሙት ዘዴም፣ የቀደመውን ፒክስል ውጤት ለቀጣዩ እያወረሰ ስለሚሄድ፣ እንደዚሁ ከራዲየስ ሸክም ነፃ ነው።

ሦስተኛው ቀለሙን ከብርሃኑ ለይቶ ብርሃኑን ብቻ ማጥራት ነው። ሥራው ወደ ሲሶ ይቀንሳል፤ በጠርዝ ላይ የሚወጣውም እንግዳ ቀለም ይቀራል።

አራተኛው የማኅደረ ትውስታ ሥርዓት ነው። ፒክስሎች በመስመር በመስመር የሚቀመጡ ስለሆነ፣ ሦስት ቀለም በአራት አራት ባይት ሲያዝ፣ በዐምዱ አንድ ፒክስል ወደ ታች መውረድ 72,000 ባይት መዝለል ይሆናል፤ አንጎለ ኮምፒውተሩም ከስሌቱ ይልቅ መረጃውን በመጠበቅ ይደክማል። መድኃኒቱ ምሥሉን በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ መሥራት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ካሬ በዙሪያው የራዲየሱን ያህል ኅዳግ ካልተጨመረለት፣ በመጋጠሚያው ላይ ስፌት ይታያል። ካሬዎቹ ለአንጎለ ኮምፒውተሩ ብዙ ኮሮች ሊታደሉ ይችላሉ፤ ዳርክቴብልን የመሰሉ ፕሮግራሞች ደግሞ በኦፕንሲኤል አማካይነት ሥራውን ለግራፊክስ ካርድ ይሰጣሉ። ይህንኑ የስሌት ቅደም ተከተል ከስሌቱ ምንነት ለይቶ ለመጻፍ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሃላይድ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ በ2012 ቀርቧል።

የማጥራት ወሰን

ከአንሻርፕ ማስክ የተለየው፣ በሪቻርድሰን በ1972፣ በሉሲ በ1974 የተጻፈው ዘዴ ድብዘዛውን ራሱን ለመቀልበስ የሚሞክር ሲሆን፣ በ1990 የመጠቀው የሀብል ቴሌስኮፕ መስተዋቱ ተዛንፎ በተገኘ ጊዜ፣ በ1993 እስኪጠገን ድረስ ምሥሎቹን ለማቅናት አገልግሏል። ዙር በዙር ስለሚመላለስ አዝጋሚ ነው፤ ዙሩ ሲበዛም በምሥሉ ያለው ጉርብጥብጥ አብሮ ስለሚገን፣ በጊዜ መቆም ፍጥነትንም ጥራትንም ያተርፋል።

ለተጠቃሚው የቀረው ቀላል ነው። ጂምፕ በተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ማስተካከያ ውስጥ ለምሥሉ ካሬዎች የሚመደበው ማኅደረ ትውስታ ካነሰ ሥራው ወደ ዲስክ ስለሚፈስ፣ ኮምፒውተሩ በቻለው መጠን ከፍ ማድረግ ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው ምሥል ወደ 1500 በ1000 ተቀንሶ የሚታይ ከሆነም አስቀድሞ መቀነስ፣ ከዚያ በኋላ ማጥራት ነው፤ ፒክስሉ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ይቀራልና፣ ጥራቱም በሚታይበት ልክ ይመዘናል። አዲስ መሣሪያ የሚገዛው ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ አሁንም የዘገየ እንደሆነ ብቻ ነው።