ኦስካር 1
የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት (ቅጂ)
ካሊፎርኒያ፣ አሜሪካ፣ 1954 ዓ.ም.
ክብደት፦ 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ

የመጀመሪያዋ የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት ናት። የሠሯት የካሊፎርኒያ አማተር የሬዲዮ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የሠሩትም በትርፍ ጊዜያቸው በየቤታቸው ጋራዥና ምድር ቤት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. በአንድ ወታደራዊ ሮኬት ላይ፣ ሚዛን ለመጠበቅ በሚጫን ክብደት ቦታ ተተክታ ከቫንደንበርግ ወደ ሕዋ መጠቀች።

140 ሚሊዋት ገደማ ኃይል ባለው ማሰራጫዋ በሞርስ ኮድ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ እየደጋገመች ሰላምታ ትልክ ነበር። ውስጧ ሲሞቅ ምልክቱ ይፈጥናል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ የቆጠረ አድማጭ የሳተላይቷን ሙቀት ከቤቱ ሆኖ ማወቅ ይችል ነበር። ባትሪዋ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲሠራ፣ በ28 አገሮች የሚገኙ ከ570 በላይ አማተሮች የሰሙትን መዝግበው ላኩ። ዋናዋ ሳተላይት ጥር 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ወደ ከባቢ አየር ተመልሳ ተቃጥላለች።