ተያዥና አሻራ፦ የአደራ ሥራ ታሪክ በአቃቂ ቃሊቲ

በኢትዮጵያ ሰው አደራ ከመረከቡ በፊት የሚፈተንበት አንዱ መንገድ ዋስ ነበር። ዋስ የሚሆነው ዘመድ ወይም የአገር ሽማግሌ ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ለሰውየው ጠባይም ይቆም ነበር፤ ሌባና ሰካራም ዋስ አያገኝም ነበር። ይህ ልማድ ወደ ቅጥር ሥራ ሲገባ ዋሱ ተያዥ ተባለ።

አቃቂ ለዚህ ለውጥ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ ፋብሪካዎችም የሰፈሩት ይህንኑ መሥመር ተከትለው ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያና በህንድ ባለሀብቶች ሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከእነዚህ አንዱ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ከየአገሩ ስለሚመጣ ጠባዩን የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረውም። በመላ አገሪቱ እንደነበረው ሁሉ፣ ገንዘብ ያዡና ንብረት ያዡ ያለ ተያዥ አይቀጠሩም ነበር፤ ተራው ሠራተኛም ሲወጣ በር ላይ ይፈተሽ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን በገንዘብ ለካው። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም አይጸናም። ተያዡን ካልተገደበ ዕዳ ስለሚጠብቅ ድንጋጌው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የጠባይ ምስክር የነበረው ሰው በዚህ የተነሳ ዕዳ ከፋይ ብቻ ሆነ። ደመወዝና ንብረት እስካለው ድረስ፣ ለማያውቀው ሰው እንኳ ይፈርማል።

ጠባይን የመቆጣጠሩ ሥራ ወደ ሥራ ሕጎችና ወደ ወረቀት ተሻገረ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በአንቀጽ 14 በሐሰተኛ ሰነድ መጠቀምንና በሥራ ቦታ በመጠጥ ወይም በተከለከለ ዕፅ ራስን ማወክን ጎን ለጎን ከለከለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ደግሞ በመጠጥ ወይም በዕፅ ሱስ ሥራን መበደልን ከስርቆት፣ ከእምነት ማጉደልና ከማታለል ጋር በከባድ የዲሲፕሊን ጥፋቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ለመንግሥት ሥራ ለመቀጠር ከፖሊስ በአሻራ የሚጣራ የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ፣ ከሐኪምም የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። አሻራ የሚያሳየው ግን የተመዘገበ ወንጀልን ብቻ ነው። ጫት በአገሪቱ በሕግ የተከለከለ ዕፅ አይደለም፤ በጅቡቲ መንገድ ሌሊቱን የሚነዳ ሾፌር ሲቅመው ግን ጭነቱን አምኖ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ለሚልክ ነጋዴ ጉዳዩ ከባድ ነው።

ለንጽጽር፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 በሥራ ላይ የዋለው፣ የመንግሥት ምስጢር ለሚያዝበት ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት። መጠጥና ዕፅ ለየብቻ ይመዘናሉ፤ በመጠይቁ ላይ መዋሸትም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከሱሱ የታከመና በቂ ጊዜ ያለፈው ሰው ፈቃዱን ሊያገኝ ይችላል፤ ማስረጃ ከመቅረቡ በፊት የደበቀውን በቅንነት ያረመም እንዲሁ። ማስረጃ እስኪቀርብበት ድረስ የካደ ግን አመኔታ ያጣል።

የተያዥ ሥርዓት እንዲህ ያለ በር የለውም። ስለ ሱሱ እውነቱን የተናገረ ተያዥ ያጣል፤ የደበቀው ይቀጠራል። ዛሬም ተያዥ የሚጠይቁ ድርጅቶች ከዋሱ ንብረት ይልቅ የሠራተኛውን እውነተኛነት ሊመዝኑ፣ ሱሱን ለተናገረም የሕክምና ዕድል ሊሰጡ ይገባል።