የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ክፍሎች ፉክክር

በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሁለት የትምህርት ክፍሎች ስለ አንድ ተማሪ ሲፎካከሩ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ፉክክሩ በአገራችን የስንቱን ሰው እንጀራ እንደ ወሰነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት፥ ከግብፅ የመጡት መምህራን ከአማርኛና ከግእዝ ጋራ ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ኢጣልያንኛና ዐረብኛ ያስተምሩ ነበር። ለጥቂት ተማሪዎች አራት የባዕድ ቋንቋ! ከአራቱ የቀደመው ፈረንሳይኛ ነው። ይህም የመምህሩ ትጋት ብቻ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ነበረ፤ በቴምብራችን ላይ ከአማርኛው ጋራ የሚታተመው ጽሕፈት ፈረንሳይኛ ነበረ፤ መንግሥታትም እርስ በርስ የሚጻጻፉት በብዛት በዚሁ ቋንቋ ነበር። ልጁን የሚያስተምር አባት ይህን ሁሉ አይቶ ይፈርድ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ያስተምር ነበር እንጂ እንግሊዝኛ ገና ታናሽ ወንድም ነበር።

ከዚያ የጠላት ወረራ መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹም ተዘጉ። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ሚዛኑ ተገልብጦ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ሰጠ። ከእንግዲህ እንግሊዝኛ ከክፍሎች አንዱ መሆኑ ቀርቶ የሒሳቡም የሳይንሱም በር ሆነ። በሩን ከያዘ ጋራ ማን ይፎካከራል? ፈረንሳይኛ ወደ ትርፍ ትምህርትነት ወረደ፤ ከጦርነቱ በፊት በፈረንሳይኛ የሠለጠነውም ጸሐፊ በጐልማሳነቱ እንደ ሕፃን ፊደል ሊቈጥር ግድ ሆነበት። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ተማሪውን የሳበው ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ የመሥሪያ ቤቱ ደጅ ነው።

የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የጻፉትም በፈረንሳይኛ ነው። ተማሪ ያጣው ቋንቋ በሌላ በር ገብቶ ጋብቻችንን፥ ውርሳችንንና ውላችንን የሚገዛ ሕግ ተረቀቀበት። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እንደ ገና ተፈለገ። የአማርኛው አንቀጽ ሲያሻማቸው ያንን ረቂቅ የሚያገላብጡ የሕግ ሰዎች ዛሬም አሉ።